በቀይ ቀለም መዝግብ

የካቲት 4፣ ሰኞ

አሳንሰራችን ዛሬም አልተነሳም። በሩ ላይ «ለጊዜው አይሠራም» የሚል ወረቀት ተለጥፏል። ወረቀቱ ራሱ አርጅቶ ቢጫ ሆኗል... ይሄ «ለጊዜው» የሚሉት ስንት ዓመት ነው? አራት ፎቅ ወረድኩ፣ አራት ፎቅ ወጣሁ። ጉልበቴ ሦስተኛው ላይ ሰደበኝ።

ሃያ ስምንት ዓመት አሳንሰር የነዳሁ ሰው፣ በደረጃ ልሙት? ትልቅ የንግድ ሕንፃ ውስጥ፣ ኮፍያ አድርጌ፣ ቁልፍ ስጫን ነው የኖርኩት። ምን ነበርክ ሲሉኝ «ሾፌር» እላለሁ። የት የት ሄድክ ሲሉኝ «ከምድር ቤት እስከ ዘጠነኛ»። ያን ሁሉ ዘመን ነድቶ ከአንድ ቤት ያልወጣ ሾፌር እኔ ብቻ ሳልሆን አልቀርም።

የልጅ ልጄ ያደገችው እዚያ ሳጥን ውስጥ ነው። እናቷ ሥራ ስትሄድ እኔ ጋ ታስቀምጣት ነበር። ዓይኗን ጨፍና በድምፁ ብቻ «ስድስተኛ ደረስን» ትለኛለች። አትስትም። ሚስማር ያልኳት ያኔ ነው። ቀጭን ናት፣ ከገባችበት አትነቀልም። ተምራ ተምራ የአሳንሰር ጥገና ባለሙያ ሆነች። ዲፕሎማዋ ከተመረቀች ጀምሮ መሳቢያ ውስጥ ተኝቷል። እሷ ፎቶኮፒ ቤት ቆማ የሌላ ሰው ዲፕሎማ ታባዛለች።

ዛሬ ጠዋት ስትወጣ፦

«አባባ፣ የአሳንሰር ድርጅቱ በዚህ ሳምንት ነው የሚደውለው። የስልኬ ባትሪ እንዳንተ ነው፣ ሲፈልግ ይተኛል። የቤቱንም ቁጥር ሰጥቻቸዋለሁ። ከደወሉ ጻፍልኝ።»

«ምን ብዬ?»

«ያሉህን። አንተ ምንም እንዳትል።»

«ሰላምታም?»

«አባባ፣ በሞቴ።»

ስልኩ አጠገብ ወረቀትና እስክሪብቶ አስቀምጣ ሄደች። ለሁለት ቦታ ሦስት መቶ አርባ ሰው አመልክቷል አለች። ሦስት መቶ አርባ... የኔ አሳንሰር ስምንት ሰው ነበር የሚይዘው። ዘጠነኛው ሲገባ ይጮህ ነበር።

ከሰዓት መቀስ ጋ ሄድኩ። መቀስ የምለው ፀጉር አስተካካዩን ወዳጄን ነው። የሚስተካከል ፀጉር ኖሮኝ አይደለም፣ ለጨዋታ ነው። የሚስማርን ማመልከቻም ነገርኩት። እኔና እሱ በስልክ ስንሸዋወድ ዓመታት አልፈዋል። ደንቡ አጭር ነው፦ ድምፅ ለውጦ፣ ከትልቅ መሥሪያ ቤት ነኝ ብሎ መደወል። ያመነ ተሸነፈ። ባለፈው ወር እኔ ማዘጋጃ ቤት ሆኜ «ከሁለት በላይ መቀስ ያለው ያስመዝግብ» ብዬው፣ አምስት መቀስ በጨርቅ ጠቅልሎ ማዘጋጃ ቤት ድረስ ሄዷል። ዘበኛው ነው የመለሰው። ዛሬ ምላጩን ጉሮሮዬ ላይ አድርጎ «ጠብቀኝ» አለኝ። «ሳታስበው ነው የማገኝህ።»

እየጠበቅኩት ነው።

የካቲት 5፣ ማክሰኞ

ወንዱ ልጄ ከሌላ ከተማ ደወለ። የሴራሚክ መደብሩ ውስጥ ሰው ያስፈልገዋል። ሚስማር ትምጣ ይላል። እስከ ወሩ መጨረሻ መልስ ስጡኝ፣ አለዚያ ሌላ እቀጥራለሁ አለ።

እናቷ እራት ላይ አነሳችው። «ቢያንስ የዘመድ ቤት ነው» አለች። ሚስማር ሳህኗን አንስታ ሄደች።

ሴራሚክ... ወደ ላይ አይሄድ፣ ወደ ታች አይሄድ። እዚያ ከገባች ያ ሁሉ ትምህርት መሳቢያ ውስጥ ቀረ ማለት ነው። እኔስ? ማንን ላበሽቅ ነው እዚህ ቤት?

የካቲት 6፣ ረቡዕ

መጣልኝ። ሲጠበቅ የነበረው መጣ።

አራት ሰዓት ላይ ስልኩ ጮኸ። አነሳሁ።

«ሃሎ። ከአሳንሰር ተከላና ጥገና ድርጅት ነው። የሰው ኃይል ክፍል።»

ድምፁ በአፍንጫ ነው የሚወጣው። ጉንፋን የያዘው ጸሐፊ ይመስላል። ወዲያው ነቃሁበት። ስለ ድርጅቱ ሰኞ ዕለት ለመቀስ የነገርኩት እኔው ራሴ አይደለሁም?

«ልጅቷን ለፈተና መርጠናታል። የሚቀጥለው ሐሙስ ጠዋት ነው...»

«ዘገያችሁ ጌታዬ። ትናንት አገባች።»

«አገባች?»

«አዎ። ባሏ ባለ ዘጠኝ ፎቅ ነው። እንግዲህ ጠጋኝ አይደለችም፣ ባለቤት ናት። እናንተን ለመቅጠር እያሰበች ነው። መፍቻ መያዝ ትችላለህ?»

«አባት፣ የቁም ነገር ነው የማወራዎት።»

«እኔም። አንተ ግን ተናፈጥ።»

«እንግዲያው ለፈተናው ፈቃደኛ አይደለችም ብዬ ልመዝግብ?»

«መዝግብ እንጂ። በቀይ ቀለም መዝግብ። ከሥሩም ሁለቴ አስምርበት።»

ጠቅ። ዘጋው።

ወንበር ይዤ እንባዬ እስኪመጣ ሳቅኩ። «ብዬ ልመዝግብ»... ከየት አመጣት? እየጎበዘ ነው ሰውዬው። ነገ ሄጄ ፊቱን አየዋለሁ።

ለሚስማር አልነገርኳትም። ሥራ ፍለጋ አንጀቷን እየበላት በዚያ መቀለድ ደግ አይደለም።

የካቲት 7፣ ሐሙስ

መቀስ ሱቁ ውስጥ ተቀምጦ አገኘሁት። ፊቱ በሻርፕ ታስሯል። ግራ ጉንጩ ሎሚ የጎረሰ ይመስላል።

«አፍንጫዋስ? አፍንጫዋን ከየት አመጣሃት?» አልኩት ገና ከበር።

እጁን አወዛወዘ። አፉ ውስጥ ጥጥ አለ። «ማክሰኞ... መንጋጋ... ሁለት...» የተረፈውን አልሰማሁትም።

«ትናንትስ የደወልክልኝ?»

ራሱን ነቀነቀ። የለም።

«አትቀልድ።»

የመላጫውን አረፋ በጣቱ ጠቅሶ መስታወቱ ላይ ጻፈ፦ አልደወልኩም። ከሥሩ ደግሞ፦ ትናንት ውኃ እንኳ በማንኪያ።

ክው አልኩ። አረፋው ቁልቁል ሲወርድ ቆሜ አየሁት። «አልደወልኩም» የሚለው እየተጎተተ፣ እየተጎተተ...

እንዴት ቤት እንደደረስኩ አላውቅም። አራቱን ፎቅ ጉልበቴ አልቆጠረውም።

ሰውየው እውነተኛ ነበር።

የካቲት 8፣ ዓርብ

የቤት ስልክ የደዋይ ቁጥር አያሳይም። ማን ጋ ልደውል?

ሚስማር ሥራ ስትሄድ ክፍሏ ገብቼ ዶሴዋን በረበርኩ። የማመልከቻዋ ግልባጭ ላይ የድርጅቱ አድራሻ አለ። ስልክ የለም። ዶሴው ውስጥ ስንት ማመልከቻ... ሁሉም በንጹሕ ጽሕፈት፣ ሁሉም «ከታላቅ አክብሮት ጋር»። እያነበብኩ ሳለ ልጄ፣ የሚስማር እናት፣ ከኋላዬ መጣች።

«አባዬ፣ ምን ጠፋህ?»

«መነጽሬ።»

«ዓይንህ ላይ ነው።»

ዛሬ መሥሪያ ቤቱ ጋ ልሄድ ተነስቼ ደረጃው ጋ ስደርስ ወኔ ከዳኝ። ጉልበቴ ነው ብዬ ለራሴ ነገርኩት። ጉልበቴ አልነበረም።

ማታ ሚስማር ገና ቦርሳዋን ሳታወርድ «የደወለ አለ?» አለችኝ።

«ማን ይደውላል? መቀስ እንኳ ታሟል።»

ዓይኔን በጨው አጥቤ። ወረቀቱ ስልኩ አጠገብ ባዶውን ተቀምጦ ያየኛል።

የካቲት 9፣ ቅዳሜ

ባልጽፈው ይሻል ነበር።

ሚስማር ከሥራ ተመልሳ ወጥ ቤት ተቀመጠች። አብሯት የተማረ ልጅ ፎቶኮፒ ቤት መጥቶ ነበር። መታወቂያውን ሊያባዛ። ለፈተናው።

«ረቡዕ ደወሉለት» አለች። «ለሁሉም ረቡዕ ነው የደወሉት። አሥራ ሁለት ሰው ነው የጠሩት።» ከዚያ ጣቷን ጠረጴዛው ላይ እያሻሸች፦ «እንግዲህ አልመረጡኝም።»

እናቷ ትከሻዋን ያዘቻት።

«ሁለት ኮፒ አደረግኩለት። አንዱ ትንሽ ጠመም ብሎ ነበር፣ ደግሜ አስተካከልኩለት።»

የያዝኩትን ዳቦ ሳህኑ ላይ መለስኩት።

«አባባ፣ ዛሬ ቀልድ የለም እንዴ?» አለችኝ። ልታጽናናኝ። እኔን!

«አለቀ» አልኳት።

ለአጎቷ እሺ በይልኝ አለች ለእናቷ። እናቷ «እስከ ወሩ መጨረሻ ጊዜ አለሽ፣ አትቸኩይ» አለቻት።

ለምን ያኔ አልተናገርኩም? አፌ እኮ በማያገባው ሲገባ የኖረ አፍ ነው።

የካቲት 10፣ እሑድ

መሥሪያ ቤቱ ዝግ ነው። ቀኑ አልንቀሳቀስ አለ።

የካቲት 11፣ ሰኞ

ሙሉ ልብሴን ለበስኩ። ክራባትም አሰርኩ። ልጄ አይታ «ደግሞ ማን ሞተ?» አለች። «እስካሁን ማንም» አልኳት።

ድርጅቱ ሰባተኛ ፎቅ ላይ ነው። አሳንሰሩ ድምፅ የሚባል የለውም። ዓይኔን ብጨፍን የት እንደደረስኩ አላውቅም ነበር።

ኮሪደሩ ዶሴ በታቀፈ ሰው ሞልቷል። ለዚህ ቦታ አይደለም፣ ለዘበኝነትም ለጽዳትም ነው። አንዱ ጎልማሳ ተነስቶ ወንበሩን ለቀቀልኝና «አባት፣ እርስዎም አመልክተው ነው?» አለኝ። «አዎ፣ ሦስት መቶ አርባ አንደኛው እኔ ነኝ» አልኩት። ኮሪደሩ ሳቀ። አፌ ለምን አይታዘዘኝም?

የሰው ኃይል ክፍል ስገባ ባለ አፍንጫው ብቻውን ተቀምጧል። ቀጭን፣ ባለ መነጽር፣ እጅጌው የተተኮሰ።

«ባለፈው ረቡዕ ስልክ ያነሳሁት... እኔ ነኝ።»

ቀና ብሎ አየኝ። «ባለ ዘጠኝ ፎቁ?»

«አዎን ጌታዬ። ጉንፋኑ ተሻለዎት?»

«ጉንፋን አይደለም። ድምፄ ነው።»

ወለሉ ተከፍቶ እስከ ምድር ቤት ቢያወርደኝ በወደድኩ።

ሁሉንም ነገርኩት። መቀስን፣ ማዘጋጃ ቤቱን፣ መንጋጋውን። አልሳቀም። መዝገቡን ገልጦ ወደኔ አዞረው። የሚስማር ስም አለ። ከጎኑ «ፈቃደኛ አይደለችም»። በቀይ ቀለም። ከሥሩ ሁለት መስመር።

«እንዳሉኝ ነው ያደረግኩት። ሞባይሏን ሁለቴ ሞክሬያለሁ፣ ዝግ ነው። በቦታዋ ሌላ ሰው ጠርተናል። እሱን አሁን ምን ልበለው?»

ምን ይበለው? እሱም አያት ይኖረዋል።

እስክሪብቶውን ሲያገላብጥ ቆይቶ «ራሷ መጥታ ማመልከቻ ትጻፍ» አለ። «ተጠባባቂ አደርጋታለሁ። ሐሙስ ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ ከአሥራ ሁለቱ አንዱ ከቀረ ትገባለች። ሁሉም ከመጡ ወደ ቤቷ ነው። ማመልከቻው እስከ ነገ ስድስት ሰዓት።»

«እኔ ብጽፍላትስ? ጽሕፈቴ እኮ...»

«አባት፣ የእርስዎን ቃል አንዴ ተቀብዬ ነው እዚህ የደረስነው። ከእንግዲህ ከራሷ አፍ ነው የምሰማው።»

የክፍሉን ቁጥርና ሰዓቱን በቁራጭ ወረቀት ጻፈልኝ። ማኅተም እንዲያደርግበት ለመንኩት። ያለ ማኅተም እኔን ማን ያምነኛል?

ዛሬ እራት ላይ እነግራታለሁ።

...አልነገርኳትም። ራሴን አመመኝ ብላ ሳትበላ ገባች። እፎይ አልኩ። እፎይ! ምን ዓይነት ሰው ነኝ?

የካቲት 12፣ ማክሰኞ

ነገርኳት።

ጠዋት ቦርሳዋን አንስታ ስትወጣ በነጠላ ጫማ ተከተልኳት። «ሚስማር፣ አንዴ ቆይ።»

«ረፍዶብኛል፣ ማታ።» ደረጃውን ትበርራለች።

ሦስተኛው ላይ «ድርጅቱ ደውሎ ነበር» አልኳት።

«ደስ ይላል» አለች ሳትዞር።

«የምሬን ነው። ረቡዕ ዕለት። እኔ ነኝ ያነሳሁት።»

«ባለፈውም ከአየር መንገድ ደውለው ነበር፣ ክንፍ ጠግኚልን ብለው። አባባ፣ ዛሬ አልችልም። አፈር ስሆን ተወኝ።»

አላመነችኝም። ዕድሜ ልኬን ስቀልድ ኖሬ እውነት የምናገርበት ቀን ሲመጣ ሰሚ አጣሁ። ሁለተኛው ላይ የደረጃውን ብረት ይዤ ቁጢጥ አልኩ። ያኔ ዞረች።

«መቀስ መሰለኝ» አልኩና ወረቀቱን ዘረጋሁላት።

ማኅተሙን አየች። አነበበች። ደግማ አነበበች።

«ምን አልካቸው?»

«አግብታለች።»

«ሌላስ?»

«ፈቃደኛ አይደለችም ብለህ መዝግብ... በቀይ ቀለም።»

የምትጮህ መስሎኝ ነበር። ብትጮህ ይሻለኝ ነበር። ፊቷ ላይ የነበረው ደም ወዴት እንደሄደ እንጃ።

«ቅዳሜ አጠገቤ ተቀምጠህ ነበር» አለች። «አልመረጡኝም ስል አጠገቤ ነበርክ።»

ወረቀቱን ቦርሳዋ ውስጥ ከተተች።

ወረደች። የጫማዋን ድምፅ ተከተልኩት። አንደኛ። ምድር ቤት። ከዚያ የውጭው በር።

ማመልከቻውን ከስድስት ሰዓት በፊት አስገብታለች። የሰማሁት ከእናቷ ነው።

የካቲት 13፣ ረቡዕ

አታናግረኝም። የግድ ሲሆን ደግሞ «እርስዎ» ትለኛለች። አፍ ከፈታች ጀምሮ አንተ ስትለኝ የኖረች ልጅ! «ሳሙናው እርስዎ ጋ ነው?» እንደ ቤት አከራይ።

ልጄም ተቆጥታለች። «አባዬ፣ አንተ ስትጫወት ሌላው ሰው እኮ ይኖራል» አለችኝ።

መቀስ ደወለ። ጥጡ ወጥቶለታል። ገና «ሃሎ» ሲል ዘጋሁበት።

የካቲት 14፣ ሐሙስ

ሚስማር ሳይነጋ ተነስታ ወጣች። ሸሚዟን ትናንት ሁለቴ ተኩሳዋለች።

ሁለት ሰዓት ተኩል ሲሆን መስኮቱ ላይ ቆሜ ነበር። ከዚያ መስኮት የሚታየው የጎረቤት ጣሪያ ነው። ሌላ ምን አደርጋለሁ?

እስከ አምስት ሰዓት አልተመለሰችም። ገብታለች ማለት ነው? ወይስ መንገድ ለመንገድ...

ዘጠኝ ሰዓት ላይ መጣች። ለእናቷ ነው የምታወራው፣ እኔ ጋዜጣ ይዣለሁ። አንድ ገጽ አላነበብኩም።

አሥራ አንዱ መጥተው ነበር። አሥራ ሁለተኛው የለም። ባለ አፍንጫው በሩ ላይ ቆሞ ሰዓቱን ያያል። ሁለት ሰዓት ተኩል ሲሞላ «ግቢ» አላት። በሩ ሊዘጋ ሲል አንድ ሰው ኮሪደሩን ሲሮጥ መጣ። ሸሚዙ ከጀርባው ላይ ተጣብቋል። አውቶቡስ ተበላሽቶበት ነው። አላስገቡትም።

«የሱ ወንበር ላይ ተቀመጥኩ» አለች። «በበሩ መስታወት ያየኝ ነበር።»

የተግባር ፈተናው በሩ አልዘጋ ያለ አሳንሰር ነበር። ሌሎቹ ሽቦ ሲፈቱ እሷ መጀመሪያ ጆሮዋን ለጥፋ አዳመጠች። ችግሩ የቱ ጋ እንደሆነ በድምፁ ለየችው። ይሄንን ስትናገር አንዴ ወደኔ አየች። አንዴ ብቻ። ከዚያ ወደ እናቷ።

የካቲት 18፣ ሰኞ

ውጤት ወጣ። ሦስተኛ።

የሚቀጠሩት ሁለት ናቸው።

የካቲት 21፣ ሐሙስ

ስልኩ ሲጮህ ደንግጬ ተነሳሁ። አሁን በጮኸ ቁጥር ነው የምደነግጠው።

ወፍራም ድምፅ፦ «ከሙዚየም ነው። አሮጌ ዕቃ እየሰበሰብን ነው፣ እርስዎን ብንወስድዎት...»

«አቤት ጌታዬ። እየጻፍኩ ነው። ሙዚየም... በየትኛው ቀን?»

መስመሩ ላይ ጉሮሮውን ጠረገ።

«ቀኑን አልነገሩኝም ጌታዬ።»

«አንተ ሰውዬ፣ ደህና አይደለህም እንዴ? እኔ ነኝ እኮ!»

መቀስ ነው። ሱቁን ዘግቶ አራት ፎቅ በደረጃ መጣ። ላቡ እየተንጠፈጠፈ ግንባሬን ዳሰሰኝ፣ ትኩሳት ይኑረኝ እንደሆን። ብዙ ተቀመጥን። ሲወጣ «ሦስተኛ እኮ ጥሩ ነው» አለ። «ከሦስት መቶ አርባ ሰው...»

«ሁለት ነው የሚቀጥሩት» አልኩት።

የካቲት 26፣ ማክሰኞ

ለአጎቷ እሺ አለች። መጋቢት 2 ትሄዳለች። የአውቶቡስ ትኬት ተቆርጧል።

የካቲት 28፣ ሐሙስ

ሻንጣዋ አልዘጋ ብሎ ከላዩ እንድቀመጥበት ጠራችኝ። ለሌላ ነገር አልጠቅምም፣ ለክብደት ግን አላንስም።

ዚፑን እየጎተተች፣ ሳታየኝ፦ «ያን ቀን ለሰውየው ምን ምን አሉት? ሙሉውን ይንገሩኝ።»

ሙሉውን ነገርኳት። አንዲት ቃል አልደበቅኩም። «ባለ ዘጠኝ ፎቅ ነው» አልኩት። «መፍቻ መያዝ ትችላለህ» አልኩት። «ተናፈጥ» አልኩት።

ፊቷን ወደ ግድግዳ አዞረች። ትከሻዋ ተንቀጠቀጠ። ሳቅ ይሁን ለቅሶ አላወቅኩም። መጠየቅም ፈራሁ።

መሣሪያዎቿን ሻንጣው ውስጥ አላስገባችም። መፍቻዋ፣ ፒንሳዋ፣ የኤሌክትሪክ መፈተኛዋ... ሁሉም በጨርቅ ተጠቅልለው መሳቢያው ውስጥ ቀሩ። ከዲፕሎማው ጎን።

የካቲት 30፣ ቅዳሜ

ሳይረሳኝ ልጻፈው።

አራት ሰዓት ከሩብ። ሻንጣዋ ኮሪደሩ ላይ ቆሟል። እሷ ጫማ ትጠርጋለች። ስልኩ ጮኸ። ከሁለታችን ለስልኩ የምቀርበው እኔ ነኝ። አየችኝ። አነሳሁ።

«ሃሎ። ከአሳንሰር ተከላና ጥገና ድርጅት ነው።»

አፍንጫው። ያ የተባረከ አፍንጫ።

ተነስቼ ቆምኩ። «አቤት ጌታዬ።»

«እርስዎ ነዎት?»

«እኔ ነኝ ጌታዬ። ምንም አልልም። እየጻፍኩ ነው።»

ከተቀጠሩት ሁለቱ አንደኛው ለቋል። አሥራ አራተኛ ፎቅ ላይ አውጥተውት፣ የአሳንሰሩን ጉድጓድ ቁልቁል አይቶ እዚያው ወለሉ ላይ ተቀመጠ። አልነሳም አለ። ሦስተኛዋ ፈቃደኛ ከሆነች ሰኞ መጋቢት 9 ሁለት ሰዓት ትግባ። ዲፕሎማዋን ዋናውን ይዛ፣ ሁለት ፎቶግራፍ ይዛ። መልሷን ዛሬ እስከ ስድስት ሰዓት ራሷ ትደውል። ቁጥሩን አንድ በአንድ ጻፍኩ።

መልሼ አነበብኩለት። ደግሜ አነበብኩለት። ሦስተኛ ልጀምር ስል «በቂ ነው አባት» አለኝ። «ቀልድ የለም ዛሬ?»

«የለም ጌታዬ። ጨርሻለሁ።»

ዘጋሁና ወረቀቱን ሰጠኋት። አንድ እጇ ጫማው ውስጥ ነው። አነበበች። ቀና ብላ አየችኝ። ያ ዓይን... ያ እያመነ የማያምን ዓይን። የማልረሳው እሱን ነው።

«ይሄ ቀልድ ከሆነ...» አለች። አልጨረሰችውም።

«ደውይና ጠይቂ።»

ጫማው እጇ ላይ እንዳለ ደወለች። እኔ ወጥ ቤት ገባሁ። ድምፅ ብቻ እሰማለሁ። «አዎ... እኔ ነኝ... አዎ... ፈቃደኛ ነኝ።» አንዴ ነበር መናገር የነበረባት። ሁለቴ አለችው። «ፈቃደኛ ነኝ።»

መጥታ በሩ ላይ ቆመች።

«ሁለቴ መልሰህ አነበብክለት እንዴ?»

«ሦስተኛውን ከለከለኝ።»

ሻንጣውን እየጎተተች ወደ ክፍሏ መለሰችው። ጎማው ወለሉ ላይ ሲጮህ ልጄ ከመኝታ ቤት ወጥታ ሻንጣውን አየች፣ እኔን አየች፣ እዚያው ቁጭ ብላ አለቀሰች።

ወንዱ ልጄ ጋ የምደውለው እኔ ነኝ። ይቆጣኝ። ዛሬ ማንም ይቆጣኝ።

መጋቢት 11፣ ረቡዕ

አሳንሰራችን አሁንም እንደቆመ ነው። ወረቀቱ ዛሬ አንዱ ጠርዙ ተላቆ ነበር፣ እኔው መልሼ ለጠፍኩት።

ሚስማር ሥራ ከጀመረች ሦስተኛ ቀኗ ነው። ማታ ስትመጣ ጥፍሯ ሥር ግራሶ አለ። እናቷ ታጠቢ ትላታለች። እሷ ቀስ ብላ ነው የምትታጠበው። ስለዚያ አውቶቡስ ስለተበላሸበት ሰው ትናንት አነሳች። ስሙን መዝገብ ላይ ፈልጋ እንደሆነ አልጠየቅኳትም።

ዛሬ ሰባት ሰዓት ላይ ስልኩ ጮኸ። የሴት ድምፅ፣ ደረቅ፣ ትንሽ በአፍንጫ የሚል።

«ከአሳንሰር ድርጅት ነው። ከእርስዎ ሕንፃ ቅሬታ ደርሶናል።»

ተነስቼ ቆምኩ። ቆቤንም አወለቅኩ፣ ለምን እንደሆነ እንጃ። «አቤት እመቤቴ።»

«አንድ አዛውንት አሳንሰሩ ቆሞ እያለ በሩ ላይ ቆመው ስድስተኛ፣ ሰባተኛ እያሉ ይጣራሉ ተብሏል። እውነት ነው?»

«አላውቅም እመቤቴ። እንዲያ ያደረግኩ አይመስለኝም። ልጻፈው?»

«ይጻፉት። አሳንሰሩ የሚጠገን ከሆነ እኚህ ሰው በነፃ ለመንዳት ፈቃደኛ ናቸው?»

«ፈቃደኛ ናቸው። ሃያ ስምንት ዓመት ሠርተዋል፣ አንድ ቀን አልቀሩም።»

«ጥሩ። ፈቃደኛ ብዬ ልመዝግብ። በምን ቀለም ልመዝግብልዎት?»

እስክሪብቶው እጄ ላይ ቀረ።

ከኋላዋ የሰዎች ሳቅ ተሰማ፣ ብረት በብረት ላይ ሲወድቅም። ሚስማር ግን አልሳቀችም። ትጠብቃለች። ደንቡን ታውቀዋለች፦ ያመነ ተሸነፈ።

«በቀይ» አልኳት። «ከሥሩም ሁለቴ አስምሪበት።»